ከምሰሶው ግርጌ

ባሌ ጀልባዋን ገና ዞሮ ሳያያት ወዷታል። ሰማያዊ ቀለሟን በመዳፉ እየዳበሰ «እንዴት ታምራለች! እንውሰዳት በቃ» ይላል፣ ያውም ባለቤቷ ሽማግሌ አጠገቡ ቆመው እየሰሙ። ምናለ አፉን ቤት ትቶት ቢመጣ!

እኔ ሸራ ሰፊ ነኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ጀልባ ሸራ ስጠግን የራሴን አንድ ቀን ነድቼ አላውቅም። እስካሁን ስድስት አሮጌ ጀልባዎች አይተናል፤ ስድስቱም ከላይ ሲያዩዋቸው ሙሽራ፣ ውስጣቸውን ለቄስ። ዛሬ ከቤት ስንወጣ «ይህችም ካልሆነች በቃኝ፣ አርፌ የሰው እሰፋለሁ» ብዬ ምያለሁ።

ሸራዋን ሳሩ ላይ ዘርግቼ ስፌቱን በጥፍሬ እጭራለሁ። ክሩ ንቅንቅ አይልም። መሪዋን ይዤ አወዛውዛለሁ፤ አልላላም።

«አርባ ዓመቷ ነው» ይላሉ ሽማግሌው። «የፈለግሽውን ነካኪ፣ አትቆጣም።»

ከቦርሳዬ ወስፌ አውጥቼ ጀልባዋ ውስጥ እንበረከካለሁ። ባሌ «ኧረ ሰውዬውን አታስቀይሚያቸው!» ይለኛል በሹክሹክታ። አልሰማውም። ወለሏን ሳንቃ በሳንቃ እየወጋሁ እሄዳለሁ፤ ሁሉም ደንዳና ነው። ደስታ ደስታ ሲለኝ ምሰሶው ግርጌ እደርሳለሁ፤ ወስፌው እስከ እጀታው ስምጥ ይላል። ከቀለሙ ሥር ያለው እንጨት በስብሷል።

እንባዬ ይመጣል። አንድ ኃይለኛ ነፋስ ቢነሳ ምሰሶውም እኛም ውሃ ውስጥ ነን።

«አባባ፣ እንዲህ ያለውን በቀለም ሸፍነው ይሸጣሉ? አያሳዝንዎትም የሰው ነፍስ?»

ባሌ አንገቱን ይደፋል። ሽማግሌው ግን ይስቃሉ፤ ሆዳቸውን ይዘው።

«እሰይ የኔ ልጅ! ሦስት ዓመት ሙሉ እሷን የሚወጋ ሰው ጠፋ እኮ! አሥራ አንድ ገዢ መጣ፤ ሁሉም ቀለሟን አይቶ እጁን ኪሱ ይከታል። ‹ለልጄ ያስቀመጥኳት ናት› እያልኩ እመልሳቸዋለሁ። ልጅም የለኝ!»

እየተጣደፉ እዚያው አጠገብ ካለው ቤታቸው ገብተው በጨርቅ የተጠቀለለ ሳንቃ ይዘው ይወጣሉ። ተለክቷል፣ ተልጓል፣ የምስማሩ ቀዳዳ ሳይቀር ተበስቷል። «የበሰበሰው ምትክ ነው» ይሉኛል። «እንዳይሰነጠቅ ዘይት እየቀባሁ ነው ያቆየሁት።»

ሳንቃውን እቅፍ አድርጌ እንደ ሕፃን እዘላለሁ። «እኔስ ምን አልኩሽ?» ይላል ባሌ። አያፍርም እኮ!

«አንድ ነገር ግን አለ» ይላሉ ሽማግሌው፣ ኮስተር ብለው። «እጄ ገመድ መሳብ አቅቶታል። መቀመጥ ግን አላቃተኝም።»

ጫማቸውን አውልቀው፣ የባሌን ትከሻ ተደግፈው ይወጣሉ። ሳር ላይ በቆመችው ጀልባ ፊተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ ባርኔጣቸው በነፋስ እንዳይወሰድ በእጃቸው ይይዙታል።

«በይ እንሂድ» ይላሉ ወደ ፊት እያዩ።