የጭነት መርከቧ

ፌንጣ እየሮጠ ሕንፃው ውስጥ ገባ። መግቢያው ላይ የሱና የተጋጣሚው የምላጭ ፎቶ ጎን ለጎን ተለጥፏል፤ የጠፈር ጦርነት ጌም የፍጻሜ ውድድር፣ አራተኛ ፎቅ። ያሸነፈ ጌሙን የሚሠራው ድርጅት ውስጥ ይቀጠራል። የዘገየ እንደተሸነፈ ይቆጠራል።

እህቱ ቁርጡን ነግራዋለች። ዛሬ ካልሆነ ነገ አጎቱ ጋራዥ፣ መኪና ሥር።

አንዲት ሴትዮ የሊፍቱን በር በእግራቸው ይዘው ጠበቁት።

"ና ግባ ልጄ፣ ቀስ በል።"

"እግዜር ይስጥልኝ እናቴ! አራተኛ ነኝ።"

"እኔም።"

ሁለት ከረጢት ሙሉ ድንችና ሽንኩርት ይዘዋል። ቁልፉን ተጭነው እዚያው የቁልፎቹ ሰሌዳ ላይ ጀርባቸውን አስደገፉ። ሊፍቱ ትንሽ ወጣና ቀጥ አለ።

"ኧረ በናትህ!" አለ ፌንጣ ሊፍቱን። ስልኩን አወጣ፤ መስመር የለም። "ደወሉን ይጫኑልኝ እስቲ።"

ሴትዮዋ እጃቸውን ወደ ኋላ ሰደዱ። "ይኸው ተጫንኩት። ድምፅም የለው።"

"ምላጭ ነው! እሱ ነው ይህን የሠራኝ!"

"ማነው ምላጭ?"

"ተጋጣሚዬ። የታች ጥበቃው የአክስቱ ልጅ ነው። ትናንት 'አራተኛ ፎቅ ከደረስክ እንተያያለን' ብሎኛል። መብራት አስጠፍቶብኝ ነው።"

ሴትዮዋ ቀና ብለው አምፖሉን አዩ። ቦግ ብሎ በርቷል።

ፌንጣ በሩን በጣቶቹ ሊፈለቅቅ ታገለ፣ ከዚያ በቡጢ ነረተው። ላብ አጠመቀው። ግድግዳዎቹ የተጠጉት መሰለው።

"ተረጋጋ እንጂ። ለመሆኑ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው?"

"ጌሙማ አንደኛ ነው! ዕድል ምናምን የለውም፤ ጭንቅላት ብቻ። እያንዳንዱ ፕላኔት የራሱ አመል አለው። ኮምፒውተሩን አንዴ ከሸወዱት ሁለተኛ አይሸወድልዎትም። አንድ ነገሩ ብቻ ሚዛን የለውም።"

"ምኑ?"

"የጭነት መርከቧ። ርካሽ ናት፣ መሣሪያ የላትም። ግን ከኮከብ ወደ ኮከብ የሚያሻግረው በር ላይ ወስደው ካቆሟት፣ የጠላት ጦር በሙሉ እንደተቆለፈበት ይቀራል። መቶ የጦር መርከብ ይዤ ቁጭ! ሰዓቱ ሲያልቅ ተሸነፍኩ ማለት ነው።"

"ለምን አትተኩስባትም?"

"ክልክል ነዋ። ያልታጠቀ አይነካም።"

"እሱስ ደግ ሕግ ነው" አሉ ሴትዮዋ።

ፌንጣ ጃኬቱን አውልቆ ወለሉ ላይ አነጠፈ። "ቆመው ደከሙ እናቴ። ቁጭ ይበሉ።"

"ተወኝ ልጄ፣ ወገቤ አይታጠፍም። እንዲህ ተደግፌ ይሻለኛል።"

ከላይ የድምፅ ማጉያ ተሰማ። "ፌንጣ! ፌንጣ አለ? ለመጨረሻ ጊዜ!"

"አለሁ! ሊፍት ውስጥ ነኝ! አለሁ!" በሩን በእርግጫ መታ። ጩኸቱን ጭብጨባና ፉጨት ዋጠው።

"አሸናፊው፣ ምላጭ!"

ፌንጣ ጃኬቱ ላይ ዘጭ አለ። የተቃጠለ ዘይት ከአሁኑ ሸተተው።

ሴትዮዋ ጀርባቸውን ከቁልፎቹ ሰሌዳ አላቀው ቀና አሉ። ሊፍቱ ተንቀሳቀሰ።

"ይኸው፣ መብራቱ መጣልህ" አሉት።

አራተኛ ፎቅ በሩ ተከፈተ። ምላጭ እየሮጠ መጥቶ ከረጢቶቹን ከሴትዮዋ እጅ ተቀበለ።

"እማዬ፣ ብዙ አስቆምኩሽ አይደል?"