ከእንሰቱ ጀርባ የወጣው ቱቦ

ሸኩር ከዳቦ ቤቱ ስር ባለው ምድር ቤት የምድጃው የጭስ ቱቦ ግድግዳውን የሚያልፍበትን ቀዳዳ በሲሚንቶ እየደፈነ ሳለ፣ ጎረቤቱ አዴ ሳቢሃ ከላይ ከደጃፉ ሆነው ተጣሩ። እጁን ሳይታጠብ ወጣ። ቱቦው ብቅ ያለው በእሳቸው ጓሮ፣ ከእንሰቱ ጀርባ፣ የቡና ማድረቂያ አልጋቸው ስር ነበር። በመንገዱ በኩል ቢያወጣው ጭሱ ደንበኞቹን ያባርርበታል፤ ጣሪያ ድረስ ለመውሰድ ደግሞ ሰነፈ። ሌሊት ሲጋግር ጭሱ ቡናው በተሸፈነበት ሸራ ስር እንደሚታፈን፣ ቡናም ያገኘውን ሽታ ሁሉ እንደሚጠጣ የቡና አገር የየቡ ልጅ ሆኖ አላጣውም።

አዴ ሳቢሃ መዳፋቸውን ዘረጉለት። እፍኝ ቡና ይዘዋል።

"እስቲ አሽትትልኝ። ነጋዴው ጭስ ጭስ ይላል ብሎ መለሰብኝ።"

ጎንበስ ብሎ አሸተተ። የራሱ ምድጃ ሽታ ነበር፣ የባሕር ዛፉ እንጨት ሳይቀር።

"እኔ እንጃ፣ አዴ" አለ፤ ሲሚንቶ የነካውን እጁን ከኋላው ደበቀ።

"አፍረህ ነው እንጂ ሸቶሃል። ጥፋቱን አውቄዋለሁ።"

ሸኩር ወደ ምድር ቤቱ በር አንድ እርምጃ አፈገፈገ።

"የኔው ማድ ቤት ነው" አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ወላሂ፣ ቡናው እስኪደርቅ እሳት አላነድም ብያለሁ። ልጆቹ እንዳይርባቸው ዳቦ ስጠኝ።"

በንጹሑ እጁ ትኩስ ዳቦ አንስቶ ሰጣቸው። ተቀብለው ግንባራቸውን አስነኩት።

"አላህ እሳትህን አያጥፋብህ፣ ልጄ።"

"አሜን" አለ ሸኩር።