ትርታ የሌለው እጅ

«ኢናሊላሂ! ትርታ የለውም!» ብሎ ጮኸ ጃፋር፣ ጫማ ካርቶን ላይ ደገፍ ብሎ ያሸለበውን የሱቅ ጎረቤቱን የዘይኑዲንን የእጅ አንጓ እንደጨበጠ። መቼም ለጩኸት አይሰንፍም። የዱባይ ተራ ነጋዴዎች ለሐዘኑ በራቸውን ገርበብ ማድረግ ጀመሩ።

ዘይኑዲን ነቅቶ ነበር። የሰው ልብ እስኪገኝለት ደረቱ ውስጥ የተገጠመለት ፓምፕ ደሙን ሳያቋርጥ ስለሚገፋ፣ እጁ ላይ ትርታ እንደማይገኝ መናገር ነበረበት። ግን ባትሪውን ወገቡ ላይ ካንጠለጠለ ወዲህ ሰው ሁሉ ሽቦው እንዳይነቀል እየፈራ ሰላምታው ከሩቅ ሆኗል። የጃፋር መዳፍ ይሞቅ ነበር። ዐይኑን እንደጨፈነ ትንሽ ቆየ።

ጃፋር ማልቀስ ሲጀምር ግን አላስቻለውም። «አልሞትኩም» አለ።

ጃፋር እጁን ጥሎ ወደ ኋላ ዘለለ። «ታዲያ ምን ዘጋህ?»

«ብናገር እጄን ትለቀው ነበራ።»