ሁለተኛው ቱቦ

ሙዙን በላስቲክ ከረጢት አድርጋ በመዳፏ እያደቀቀች ሳለ የቤተ ሙከራው በር ተበረገደ። ቀና ስትል አባቷ ነው። የብየዳ ቱታውን እንኳ አላወለቀም።

«ቦርሳሽን ያዢ፣ እንሂድ» አላት።

የሳይንስ ክበቡ ልጆች ሁሉ ዞሩ። መምህርቷ ከወንበሯ ተነሳች። «ደህና አደሩ ጋሼ? ይግቡ እንጂ።»

«እግዜር ይመስገን። ይቅርታ ያድርጉልኝ መምህር፣ ልጄን ፈልጌ ነው። የነርስነት ትምህርት ምዝገባው ዛሬ ይዘጋል። ቦታውን በስንት ልመና ያስያዘላት አጎቷ ደጅ መኪና ውስጥ ቁጭ ብሏል።»

ልጅቷ ትናንት ማታ «ነርስ መሆን አልፈልግም» ብላው ነበር። ሰምቶ እንዳልሰማ ሆኖ ነው የተኛው።

«እሄዳለሁ አባዬ። ግን መጀመሪያ ይሄን እይልኝ።»

«ምኑን? የሙዝ ጭማቂውን?»

ከኋላ አንዷ ሳቋ አመለጣት።

«ባዮቴክኖሎጂ ነው» አለች፤ ድምጿ ቀጠነባት። «ስልክህን ወስጄ የማመሽበት። መምህርት የሰጠችንን ቪዲዮ ነው የማየው።»

«እኔ ደግሞ ባትሪዬን ምን በላው እያልኩ!» እጆቹን አጣምሮ ግድግዳውን ተደገፈ። «በይ እንግዲህ፣ ቶሎ በይ።»

ሳሙናና ጨው የተበጠበጠበትን ውሃ ሙዙ ላይ ጨመረች። አሽታ በጨርቅ አጠለለችው፤ የወረደውን ለሁለት የመስታወት ቱቦዎች አካፈለችው። እየሠራች ታወራለች። «ዲኤንኤውን ነው የማወጣው። ሙዙን ሙዝ ያደረገው፣ ከዘር ወደ ዘር የሚወርደው ማለት ነው። አልኮል ሲጨመርበት ለብቻው ይወጣል። በዓይንህ ታየዋለህ።»

ደጅ ክላክስ ተነፋ። ደንግጣ አልኮሉን አንደኛው ቱቦ ውስጥ ደፋችው። በአንዴ ወርዶ ከሙዙ ውሃ ጋር ተደባለቀ፤ ቱቦው እንደ ቆሻሻ እጣቢ ደፈረሰ።

ሁሉም አጎንብሰው አዩ። ምንም የለም።

«ይኸው ነው?» አለ አባቷ።

መምህርቷ ልታስረዳ አፏን ስትከፍት ልጅቷ በእምቢታ ራሷን ነቀነቀች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ግን ሁለተኛውን ቱቦ አነሳች። ጠርሙሱ ውስጥ የቀረችው አልኮል ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው የምትበቃው። የጠርሙሱ አፍ ከቱቦው ጋር እየተጋጨ ተንቃጨለ።

«ቆይ!»

አባቷ ከግድግዳው ተላቆ መጥቷል። ድምፁ የቤት ድምፁ አይደለም፤ ብየዳ ቤት ውስጥ ሠራተኞቹን የሚያዝበት ነው።

«ክንድሽን ጠረጴዛው ላይ አሳርፊ። እንደሱ። ማንም እያባረረሽ አይደለም። ትንፋሽሽን ዋጥ አድርጊ።»

ክንዷን አሳረፈች። ቱቦውን አዘንብላ አልኮሉን በመስታወቱ ጎን አንሸራተተችው። ሳይደባለቅ ከላይ ተኛ፤ ጥርት ብሎ።

ጠበቁ።

መጀመሪያ ትንንሽ አረፋ ታየ። ከዚያ ከሁለቱ ፈሳሾች መጋጠሚያ አንድ ነጭ ነገር ብቅ አለ፤ ቀጭን፣ እንደ ክር። ሌላ ተከተለው። ተያይዘው ወደ ላይ ተሳቡ። በስንጥር ጠቅልላ ስታወጣው ክበቡ በጭብጨባ ቀለጠ።

አባቷ መነጽሩን ከደረት ኪሱ አውጥቶ አደረገ። ብዙ አየው።

«ንፍጥ ይመስላል» አለ።

መምህርቷ እንኳ ሳቀች።

«እኔም ውስጥ አለ?»

«አለ እንጂ። ግማሹን ለኔ ሰጥተኸኛል።»

ደጅ ክላክሱ በረጅሙ ጮኸ፤ አባቷ ዞር አላለም።

«ከዚህ በኋላስ?» አላት።

ይህን ጥያቄ ስትጠብቀው ነው የከረመችው። «ክትባት የሚያመርቱ ፋብሪካዎች አሉ» ብላ ጀመረች በጥድፊያ፤ «ምርጥ ዘር የሚያወጡ የምርምር ጣቢያዎች አሉ፤ ደሞ ሆስፒታሎችም…»

«እሱን አላልኩሽም።» በጣቱ ስንጥሩን አመለከተ። «ይሄን፣ ክሩን ነው የምልሽ። ቀጥለሽ ምን ታደርጊዋለሽ?»

ልጅቷ አጠገቧ ያለውን በርጩማ በእግሯ ሳብ አደረገችለት።

ተቀመጠ።