የሚስተር ሃልቮርሰን አልጋ

ዊልማ መቅረጫውን አቆመችው። ያቆመችው ደግሞ አፍርበታለሁ ብዬ የፈራሁት ቦታ ላይ ሳይሆን፣ ልታመሰግነኝ ነው ብዬ ደረቴን የነፋሁበት ላይ ነው።

«እስቲ እንደገና እንስማው» አለችና ወደ ኋላ መልሳ ከፈተችው።

የሚስተር ሃልቮርሰን ድምፅ ቀስ ብሎ ይመጣል። ሚስታቸው ሶልቬግ ከሞተች ወዲህ አልጋ ላይ ተኝተው እንደማያውቁ፣ ከአልጋው ጎን ባለው ወንበር ላይ እንደሚያድሩ ይናገራሉ። ንግግራቸውን ሳይጨርሱ የኔ ድምፅ ጥልቅ ይላል፦ «ለዚህማ መፍትሔ አለን! አዲስ አልጋ አስመጣልዎታለሁ።» ከዚያ እዚያው ፊታቸው ስልክ ስደውል፣ ለአንድ በጎ አድራጎት ድርጅት አድራሻቸውን ስሰጥ ይሰማል። «አሮጌውንም ያነሱልዎታል፣ አያስቡ» እላለሁ። እሳቸውም «ጥሩ ነው» ይላሉ።

ከዚያ ቀን በኋላ ወደኔ አልመጡም።

እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ሶሻል ወርከር ነበርኩ። ቤት ለሌለው ቤት፣ ማሞቂያ ለሌለው ማሞቂያ ስፈልግ ነው የኖርኩት፤ በአሜሪካዋ ዱሉዝ ከተማ የበረዶ ክረምት ደግሞ ይሄ ቀልድ አይደለም። አሁን የሰውን ሐዘን እያነጋገርኩ የማክም ቴራፒስት ለመሆን ዊልማ ስር እየሠራሁ ነው። የራሴን ፈቃድ እስካገኝ በሷ ፈቃድ ሰው አነጋግራለሁ፤ በየሳምንቱም ሰውየው ፈቅዶ የተቀረጸ ንግግር አምጥቼ አሰማታለሁ፤ እሷም ሾርባዋን እየጠጣች ታዳምጣለች። ዛሬ ግን ነገሩ ከበድ ይላል። ቢሮው የሚስተር ሃልቮርሰን ቦታ ተራ ለሚጠብቅ ሰው ይሰጥ ብሏል፤ የመጨረሻውን ቃል የምትሰጠው ዊልማ ናት። እኔ እኚህን ሰው መልቀቅ አልፈልግም። ምክንያቱን በቅጡ አላውቀውም፤ ብቻ እወዳቸዋለሁ።

«አልጋው እኮ ጥሩ አልጋ ነው» አልኳት። ራሴን ስከላከል ድምፄ እንደሚቀጥን አውቃለሁ።

«አልጋውን ማን አማው?» አለች። «ተነሽ፣ ወንበር እንቀያየር።»

ይሄን ነገር እጠላዋለሁ። ይሄን ሙያ የሚማር ሁሉ ይጠላዋል። አንቺ የምታነጋግሪውን ሰው ሆነሽ ትቀመጫለሽ፣ አለቃሽ ደግሞ አንቺን ትሆናለች፤ ሁለት ትልልቅ ሴቶች በምሳ ሰዓት ዕቃ ዕቃ ይጫወታሉ። ቢሆንም ተነሳሁ። እንደ ሚስተር ሃልቮርሰን ጎንበስ ብዬ ተቀመጥኩ፣ እንደሳቸው እጆቼን ጭኔ ስር አስገባሁ።

«አልጋ ላይ አልተኛም» አልኩ። «ወንበሩ ላይ ነው የማድረው። ሚስቴ ስትታመምም እዚያው ተቀምጬ ነበር የማስታምማት።»

ዊልማ ፊቷን አበራች፣ አንገቷን ሰበቅ አደረገች፤ ቁርጥ እኔን። «ለዚህማ መፍትሔ አለን!»

ልስቅ ነበር። ግን አሁን እኔ እሳቸው ነኝ። እንዲህ በደስታ የምታየኝን ሴት እንዴት አድርጌ እንቢ እላታለሁ? በዚያ ላይ የኛ የዱሉዝ ሰው ቤቱ እየተቃጠለ ውኃ ላምጣልህ ሲሉት «ተው፣ አትቸገር» የሚል ነው። «ጥሩ ነው» አልኩ። ያልኩትም እንድትተወኝ ነው።

«አሮጌውንም ያነሱልዎታል፣ አያስቡ» አለች።

ያን ጊዜ ገባኝ። ሰውየው አልጋ አልቸገራቸውም። አልጋው የሚስታቸው ነው፤ ወንበሩም ከሷ አጠገብ ያለ ቦታቸው ነው። እኔ ያንን አልጋ የሚጭኑ ሰዎች ላክሁባቸው።

«ዊልማ፣ አልጋዋን አስወሰድኩባቸው» አልኩና አለቀስኩ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን የሚለቀም አልመሰለኝም።

አልተቆጣችኝም፣ አላባበለችኝምም። እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ታዲያ ቦታቸው ለሌላ ሰው ይሰጥ ትያለሽ? ብዬ ስጠይቃት፣ እሱን የሚነግሩን እሳቸው ናቸው ብላ የጠረጴዛውን ስልክ ወደኔ አስጠጋችው።

«ምን እላቸዋለሁ?»

«ያደረግሽውን ንገሪያቸው። ከዚያ ዝም በይ» አለች። «አንቺን የሚከብድሽ ሁለተኛው ነው።»

ደወልኩ። ብዙ ጠርቶ ተነሣ።

«ሚስተር ሃልቮርሰን፣ ሮክሳን ነኝ። ያን ቀን የሚሉኝን ሳልሰማ ነው አልጋ ያዘዝኩት። የባለቤትዎን አልጋ ውሰዱ ብዬ ሰው ላክሁብዎት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ከወዲያ በኩል ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ተሰማኝ።

«አልወሰዱትም» አሉ። «አዲሱን መኪና ማቆሚያዬ ውስጥ አስገባሁትና ሰዎቹን ቡና አጠጥቼ መለስኳቸው።» ከዚያ ቀጠሉ። «ብመጣ፣ እንዴት ነው፣ ተኙበት ወይ ብለሽ ትጠይቂኛለሽ። ያን ያህል ደክመሽልኝ፣ አልተኛሁበትም ማለት ከበደኝ።»

ለካ እኔን እንዳያስቀይሙ ብለው ነው የቀሩት። አንጀቴን በሉት። የምመልሰው ነገር ደግሞ ምላሴ ላይ ተደርድሯል፤ ለእንቅልፍ ማጣት ጎበዝ ሐኪም አውቃለሁ፣ የትዳር ጓደኛ የሞተባቸው የሚሰበሰቡበት ቤተ ክርስቲያን አውቃለሁ፣ ስልካቸውንም በቃሌ ይዤዋለሁ። ዋጥኩት።

ዊልማ ወደ መስኮቱ ዞራለች። ከከተማው ሐይቅ በኩል በረዶ ይመጣል። ዝምታው በጣም ከመርዘሙ የተነሣ ዘጉት እንዴ አልኩ።

ከዚያ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ።

«ሶልቬግ በመስኮቱ በኩል ነበር የምትተኛው» አሉ።

ስልኩን በጆሮዬና በትከሻዬ መሃል ይዤዋለሁ። ሁለቱም እጆቼ፣ እንደሳቸው፣ ጭኔ ስር ናቸው።