ጥሙን አስረክቦ

አቶ ፈንታው በምክር ቤቱ የስንብት ንግግራቸው ብዙ አላሉም። «ደክሞኛል። የበደልኳችሁ ካለ ይቅር በሉኝ» ብለው ወረዱ። ከአዳራሹ ጀርባ አንዲት ነርስ ከጆሯቸው ሥር የስንዴ ፍሬ የምታክል ነገር አውጥታ ቦታውን በፕላስተር ሸፈነችላቸው። ሕጉ ነው፤ የመረጠው ሕዝብ ውሃ ሲጠማው እንደራሴውም በዚህች ፍሬ በኩል አብሮ ይጠማል። ሲሰናበት ጥሙን ለተተኪው ያስረክባል። አቶ ፈንታው ውሃ የሚቸግረው ቆላ እንደራሴ በመሆናቸው በስብሰባ መሃል የጎረቤታቸውን ውሃ ሳይቀር እየጠጡ ሃያ ዓመት ተስቆባቸዋል።

ማታ ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩዬ እንደ ወትሮው ከራቱ ጋር አንድ ጆግ ውሃ አቀረቡ። የአገራቸውን ወሬ የሚያውቁት ከዚህ ጆግ ነበር። ባላቸው ጨልጠውት «ድገሚኝ» ካሉ ምንጩ ነጥፏል ማለት ነው። ያን ጊዜ እዚያ ለቀሩት ታላቅ እህታቸው ሳይደውሉ አይተኙም።

አቶ ፈንታው አንድ ብርጭቆ ጠጡና አፋቸውን ጠረጉ። ረኩ። ውሃ እንዲህ እንደሚያረካ ረስተውት ነበር።

ወይዘሮ ጥሩዬ ያልጎደለውን ጆግ አይተው ፊታቸው በራ።

«እሰይ! አገራችን ዘነበ እንዴ?»

«አዬ ጥሩዬ» አሉ አቶ ፈንታው፣ ፕላስተሩን በጣታቸው እየነኩ። «ዛሬ አስረከብኩ እኮ።»

ሴትየዋ ስልካቸውን እንደያዙ ወደ ጆጉ ዞሩ።

«ታዲያ አገሩ እንዴት ነው?»

«እኔ እንጃ» አሉ አቶ ፈንታው። «አልጠማኝም።»