ቤቱ ሲመሰክር

ጋሽ ወንድይፍራው የእድር ጥሩንባ ነፊ ናቸው። አንድ ቀን እማማ የሺመቤትን ሞቱ ብለው በሰፈሩ ለፈፉ። የሞቱት ግን የእማማ ጎረቤት ነበሩ። የእድሩ ዳኞች ጥሩንባውን ሊነጥቋቸው ተነሱ፤ ሕጉ ከለከላቸው። ግድግዳ አይቶ የሚናገርበት ዘመን ነውና፣ ቤቱ ሳይመሰክር ማንም ሰው "ጃጀ" አይባልም።

የቤቱን ምስክርነት ልትሰማ ከጤና ጣቢያ ነርስ ሲስተር ትርሲት መጣች። የጋሽ ወንድይፍራው ልጅ ሜላትም ከሐዋሳ በስልክ ትሰማለች። ትርሲት ጫማዋን አውልቃ ተቀመጠችና፣ የጠፋ ዕቃ እንደሚፈልግ ሰው በእርጋታ ግድግዳውን ጠየቀች።

"ሟች ሚስታቸው የተዉትን የእንቅልፍ ኪኒን በየሌሊቱ ይውጣሉ" አለ ቤቱ። "ሬዲዮኑን የመጨረሻ ከፍተውት እንኳ ጆሯቸውን ይለጥፉበታል። ማታ ማታ ለልጃቸው በላሁ ይሏታል፤ የሚቀምሱት ግን ሻይ በዳቦ ብቻ ነው።"

ጋሽ ወንድይፍራው አንገታቸውን ደፉ።

"ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ የሚታከም ነው" አለች ትርሲት። ከሐኪሙ ጋር መክራ ኪኒኑን ቀስ በቀስ አስቀነሰቻቸው፤ የጆሮ መስሚያ አስገጠመችላቸው፤ ደማቸው ሲመረመር ያነሳቸውን ቫይታሚን በመርፌ ሰጠቻቸው። አርባ ዓመት ሰው ሲያሰሙ የኖሩት ጋሽ ወንድይፍራው እንዲህ የሚያዳምጥ ሰው አይተው አያውቁም።

በአራተኛው ወር የሟችን ስም፣ የቀብሩን ሰዓትና ቦታ ሳያዛንፉ ለፈፉ። እማማ የሺመቤት ደጃፋቸው ላይ ቆመው "ዛሬስ ማርከኝ" ብለው ሳቁ።

ማታ ሜላት ደወለች። ጋሽ ወንድይፍራው ሽሮውን ጠራርገው በልተው ነበርና፣ "በላሁ" ለማለት ደስ ብሏቸው አፋቸውን ከፈቱ።

"ግድግዳው" አለች ሜላት፣ "አባዬ በላ?"